ደወሉ ስንት ላይ ይጩህ?

ዴና ሉዊስ እንቅልፏ ከባድ ነው። በ14 ዓመቷ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም የተገኘባት ይህች አሜሪካዊት ሲያትል ውስጥ ብቻዋን መኖር ስትጀምር ያስፈራት የስኳሯ መውረድ ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያው እየጮኸ እሷ መተኛቷ ነበር። ሰውነቷ ላይ የተለጠፈው ሴንሰር በየ5 ደቂቃው ይለካል፣ ስኳሯ ዝቅ ሲል ይጮኻል፣ ሰሚ ግን የለም። አምራቾቹን ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ ብትላቸው፣ ሌላው ሰው በዚሁ ይነቃል የሚል መልስ አገኘች። በፈረንጆቹ 2013 ጆን ኮስቲክ የተባለ አባት የልጁን ቁጥር ከመሣሪያው አውጥቶ በኢንተርኔት የሚያሳይ ኮድ ሠርቶ ነበር። ዴና ያንን ኮድ ተቀብላ፣ ኋላ ባሏ ከሆነው ከስኮት ላይብራንድ ጋር የራሷን ደወል ሠራች። ደወሉ መጀመሪያ እሷን ይጣራል። ሰምታ ምን እንዳደረገች ካላሳወቀች ነገሩ ለስኮት ይደርሰዋል።

ይህን ታሪክ የሚያነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው በኋላ ስለመጣው ነው፤ ሁለቱ ከዚያ ደወል ተነሥተው ኢንሱሊንን በራሱ የሚያስተካክል ሥርዓት መሥራታቸውን፣ ንድፉንም በ2015 በነፃ መልቀቃቸውን። እኔን የሚገርመኝ የመጀመሪያው እርምጃቸው ነው። ሴንሰር ለባሾች ሲገናኙ የሚጠያየቁት «ያንተ ስንት ላይ ነው የሚጮኸው?» ብለው ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያስጨነቃቸው ማን እንደሚሰማና ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ ነበር። ስልኩ ላይ የምንሞላው ቁጥር በሚሊግራም ይጻፍ እንጂ የሚቆጥረው ደቂቃ ነው፦ ሰውየው ሰምቶ፣ ነቅቶ፣ ጣፋጭ ነገር ፈልጎ፣ የቀመሰው ስኳር ደም ውስጥ እስኪገባ የሚፈጅበትን ጊዜ። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን ከጎረቤቱ ይዋሳል።

ከጎረቤት የሚዋሱት 70 ከየት መጣ? በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች የስኳር መውረድ አንደኛ ደረጃ፣ ከ54 በታች ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተወስኗል። በ2019 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት ደግሞ አብዛኛው ሰው ከ70 በታች የሚቆይበት ጊዜ ከቀኑ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ከ54 በታች ደግሞ ከ1 በመቶ፣ ማለትም ከሩብ ሰዓት ገደማ፣ እንዳያልፍ። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ሚዛኑ ይጠብቃል። እነዚህ መስመሮች ለሐኪምና ለተመራማሪ መነጋገሪያ ጥሩ ናቸው። የተኛ ሰው ለመቀስቀስ ተብለው ግን አልተሰመሩም።

ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው ለምሳ ኢንሱሊኑን ተወግቶ ምግቡ ዘገየበት እንበል። ስኳሩ በየደቂቃው በ2 ሚሊግራም ይወርዳል፤ ስልኩ ላይ ያለው ቀስት ቁልቁል ዞሯል። ደወሉ 70 ላይ ጮኸ። ከ70 እስከ 54 ያለው 16 ነው፤ 8 ደቂቃ። ይህም ስልኩን ካመንነው ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ሥር በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነውና ከደም 5፣ አንዳንዴም 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ስልኩ 70 ሲል ደሙ 60 ወይም 50 ደርሶ ሊሆን ይችላል። የተዋጠ ስኳር ለመሥራት ደግሞ 15 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው።

ያው ሰው ሌላ ቀን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ስኳሩ በደቂቃ ግማሽ ሚሊግራም እየወረደ 70 ደረሰ። እስከ 54 ድረስ 32 ደቂቃ አለው፤ 68 ላይ ቆሞም ሊያድር ይችላል። ቁጥሩ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። አምራቾችም ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ዴክስኮም ጂ6 የተባለው ሴንሰር ከተራው የዝቅታ ደወል ሌላ፣ «በ20 ደቂቃ ውስጥ 55 ልትደርስ ነው» ብሎ አስቀድሞ የሚጮኽ ደወል አለው። ይህ ደወል በግልጽ ደቂቃ ይቆጥራል። እዚያው መሣሪያ ላይ 55 ሲደርስ የሚጮኸውን ደወል ባለቤቱ ሊያጠፋው አይችልም። በገዛ ሰውነቴ ማን አዛዥ አደረጋቸው ብሎ የሚቆጣ አለ። እኔ ግን በዚህ ከአምራቹ ጋር ነኝ፤ 55 ላይ ያለ አእምሮ ስለ ደወል ለመከራከር የሚበቃ አይደለም።

ታዲያ 100 ላይ አድርገነው ለምን አናርፍም? ስኳሩን በደንብ የያዘ ሰው በ80 እና በ100 መካከል ለሰዓታት ይቆያል። 100 ላይ የተሞላ ደወል የሚጮኸው እንግዲህ ሰውየው ጎበዝ በሆነበት ቀን ነው። ለሁለት ቀን ይሰማዋል፤ በሦስተኛው እጁ ሳያስብ ያጠፋዋል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ግሉኮዎች የተባለው የእጅ ሰዓት በዚህ መንገድ ሄዶ ከገበያ ወጥቷል። ቆዳ ያቆስል፣ የሐሰት ደወሉም ይበዛ ነበር፤ ይባስ ብሎ ባለቤቱ ሲያልበው መለካቱን ይተው ነበር። ስኳር ሲወርድ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ላብ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል።

ሆስፒታልም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። የአሜሪካን ሆስፒታሎች የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በሚያዝያ 2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከሕክምና መሣሪያዎች ጩኸት ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ምንም እርምጃ የማያስፈልገው እንደሆነ ገልጿል። ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ከደወል ጋር በተያያዘ 98 አደጋዎች ተመዝግበው በ80ዎቹ ታካሚው ሞቷል። እነዚያ ደወሎች የሚጮኹት ሊሰሙ ደሞዝ በሚከፈላቸው ነርሶች ጆሮ ሥር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ሶፋ ላይ እንቅልፍ የጣለው አባት ምን ይሁን?

ሌሊት አንድ ሌላ ውሸት አለ። ሴንሰሩ በተለጠፈበት ክንድ ላይ ሲተኙ ቦታው ይጨፈለቅና ቁጥሩ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲገላበጡ በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል። ከ110 ባንድ ጊዜ 58 የገባ ቁጥር ያየ ሰው፣ የመውረድ ምልክት ካልተሰማው፣ ጣቱን ወግቶ ቢለካ ይሻለዋል። ምልክት ከተሰማው ግን መጀመሪያ ስኳር ይውሰድ።

ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ሰውየው ነው፤ እንደ ሰዓቱም። የመውረድ ምልክት የማይሰማው ሰው፣ ማለትም መንቀጥቀጡም የልብ ምቱም የጠፋበት፣ ከፍ ያለ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ 80፣ 85፣ ምናልባት 90። ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ፊሊፕ ክራየር እንዳስተማሩት፣ ስኳር ደጋግሞ ሲወርድ ሰውነት ማስጠንቀቁን ይተዋል፤ ለጥቂት ሳምንታት ዝቅታን አጥብቆ ያስወገደ ሰው ግን ስሜቱ ሊመለስለት ይችላል። ያ ከፍ ያለ ቁጥር እንግዲህ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይሆንም። መኪና የሚነዳ ሰውም ከፍ ያለ ቁጥር ያስፈልገዋል። እንግሊዝ አገር መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ኢንሱሊን የሚወስድ ሹፌር በሊትር ከ4 ሚሊሞል በታች ከሆነ እንዳይነዳ፣ ከ5 በላይ ካልሆነ አንድ ነገር እንዲቀምስ ያዛል። 5 ሚሊሞል ማለት 90 ሚሊግራም ነው። ለንደን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወገናችን የቀን ደወሉን 70 ላይ ቢያደርግ፣ ስልኩ የሚነግረው ማሽከርከሩን ማቆም ከነበረበት በኋላ ነው። በረመዳን ለሚጾም ሰው ደግሞ ባለሙያዎች ከ70 በታች ሲወርድ ጾሙን እንዲያፈርስ ይመክራሉ፤ ለእሱ 70 ላይ የሚጮኽ ደወል ጥርት ያለ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ዐቢይ ጾምን እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚጾመውም ከዚህ የተለየ አካል የለውም።

ኢንሱሊንም ሆነ ስኳር የሚያወርድ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን ለማይወስድ ሰው የዝቅታ ደወል አብዛኛውን ጊዜ ጫጫታ ነው። በ2024 ያለ ማዘዣ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው ስቴሎ የተባለ ሴንሰር የዝቅታ ደወል የሌለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተሠራው ኢንሱሊን ለማይወስዱ ነው። አገር ቤት መርፌ ለምትወጋ እናቱ ይህን ገዝቶ ሊልክ ያሰበ ሰው ቢያውቀው አይከፋም።

ከደወሉ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ከደወሉ የባሰ ይፈትናል። የታወቀው ምክር 15 ግራም ፈጣን ስኳር ወስዶ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ በውኃ የተበጠበጠ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ። እንጀራና ዳቦ ለዚህ ሰዓት ዝግ ይላሉ። ችግሩ ደሙ መነሣት ከጀመረ በኋላም ሴንሰሩ ወደኋላ ቀርቷልና አሁንም «ዝቅ ነው» እያለ መጮኹ ነው። ሰውየው ሁለተኛ ብርጭቆ ይጠጣል፣ ከዚያ ብስኩት፣ ከዚያ የተረፈውን ዶሮ ወጥ። ሲነጋ 260 ላይ ይነሣና ሴንሰሩን ይሰድባል። ሁለተኛውን ጩኸት በጣት ደም መርምሮ እንጂ በፍርሃት መመለስ አይገባም።

ደወሉ ጭራሽ የማይጮኽበት ጊዜም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2025 መጀመሪያ ላይ ያስጠነቀቀው ይህን ነው፦ ስልኩ አዲስ ሶፍትዌር ሲጭን፣ ከጆሮ ማዳመጫ ወይም ከመኪና ድምፅ ጋር ሲገናኝ፣ «አትረብሹኝ» ላይ ሲሆን ማስጠንቀቂያው ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ፍሪስታይል ሊብሬ 2 የተባለው ሴንሰር በበኩሉ በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ለሚወስድ ሰው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው እንክብሉን እየዋጠ ደወሉን ያፍናል ማለት ነው። በኅዳር 2019 መጨረሻ ደግሞ የዴክስኮም አገልጋይ ኮምፒውተሮች ተበላሽተው በሩቅ የሚከታተሉ ወላጆች ማስጠንቀቂያ ሳይደርሳቸው አድረዋል። ብዙዎቹ የተኙት ደወሉን ተማምነው ነበር።

ስለ ተከታታዮች ከተነሣ፣ ቤት ውስጥ ጠብ የሚያመጣው ሁሉም አንድ ቁጥር ሲሞላ ነው። ልጅቱ 80 ላይ ይጮኽባታል፤ እናትም 80 ላይ፤ አባትም። ልጅቱ ከረሜላዋን ጎርሳ ሳትጨርስ ሁለቱም ይደውሉላታል። እሷም አንድ ቀን መከታተያውን ትዘጋዋለች፤ አልፈርድባትም። የተከታታይ ደወል ከባለቤቱ ዝቅ ብሎና ዘግይቶ ሊሞላ ይችላል፤ ለምሳሌ 60 ሆኖ ሩብ ሰዓት ከቆየ። ያኔ የእናትየው ስልክ ሲጮኽ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ ልጅሽ አልመለሰችም።

በውጭ አገር ለሚኖር ሐበሻ ደግሞ ማንም ያላሰበው አንድ ጥቅም አለ። ሜሪላንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ በበጋቸው ወራት አዲስ አበባ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ናይትስካውትን የመሰለ፣ ከኮስቲክ ኮድ የተወለደ ገጽ ኢንተርኔት ካለበት ሁሉ ይከፈታል። ደክሟት የተኛችውን ተማሪ ቁጥር ቡና እያፈላች የምታይ አክስት አለች እንበል። ክፍሏ ገብታ አትቀሰቅሳት፣ ስኳር በጥብጣ አታጠጣት። የምትችለው መደወል ብቻ ነው፤ እስክታነሣ መደወል፣ ካላነሣች ደግሞ አብራት ለምትኖረው ልጅ። የጓደኛዋ ስልክ ቁጥር አስቀድሞ ተሰጥቷት ከሆነ።