የማይወረውረው እጅ

አንዲት የሐረር እናት የ13 ዓመት ልጇ ከእጅ ኳስ ልምምድ ስትመለስ ትከሻዋን እንደሚያማት ነግራኝ፣ «ሴት ልጅ ለመወርወር አልተፈጠረችም መሰለኝ፤ ከቡድኑ ላስወጣት?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሴ አጭር ነው። ሕመሙ እስኪለቃት መወርወሩን ታቁም፤ ስፖርቱን ግን አትተው። ወደ ሜዳ ስትመለስ ደግሞ ኳሱን የያዘውን ሳይሆን ባዶውን እጇን ተመልከቺ።

ሰው የሚወረውረው በክንዱ ብቻ አይደለም። ኃይሉ ከእግር ይነሳል፣ በዳሌና በወገብ አልፎ ትከሻ ይደርሳል፤ ክንድ መጨረሻ ነው። በቀኟ የምትወረውር ልጅ ግራ እጇ ሁለት ሥራ አለው። መጀመሪያ ወደ ዒላማው ተዘርግቶ ደረቷ ያለጊዜው እንዳይዞር ይይዛል። ቀጥሎ ክርኑ ታጥፎ ወደ ጎድኗ ሲሰበሰብ ሰውነቷ ፈጥኖ እንዲዞር ያግዛል። ይህ እጅ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ከተበተነ ደረቷ ቀድሞ ይከፈታል፣ ቀኝ ክንዷ ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ መላ ሰውነት ሊጋራው የሚገባውን ጫና ትከሻና ክርን ብቻቸውን ይሸከሙታል።

በአሜሪካና በጃፓን ብዙ ሴት ልጆች በሚጫወቱት ሶፍትቦል ኳሷ የምትወረወረው ክንድ እንደ መንኮራኩር ዞሮ ከታች ነው። እዚያም አሠልጣኞች ጓንት ያጠለቀውን እጅ ይከታተላሉ። እሱ ወደ ፊት ተዘርግቶ በሥርዓት ከመውረድ ይልቅ ወደ ጎን ከበረረ ትከሻ ይጣመማል፣ ኳሷም ዒላማዋን ትስታለች። በጀጎል መኪና ግርግር ያለፈ ሰው ነገሩ አይከብደውም። የሚሰፋው መርፌው ነው፤ ስፌቱን የሚያቀናው ግን ጨርቁን የያዘው እጅ ነው።

ልጆቻችንን በማዕድ ላይ «ግራ እጅህን ሰብስብ» እያልን እናሳድጋለን፤ መልካም ሥርዓት ነው። ሜዳ ላይ ግን ግራ እጅ ሥራ እንዳለው የሚነግራቸው ያስፈልጋል። ወንዶቹ ከሕፃንነታቸው ድንጋይ ሲወረውሩ ሳያውቁት ይለምዱታል፤ ሴቶቹን ግን ከልክለን አሳድገን «እንደ ሴት ወረወረች» እንላለን። የጎደለው ልምምድ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም።

ሆኖም ያልተለመደ ነገር ሁሉ ይታረም ማለቴ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ደብተሮቹን በግራ እጁ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር፣ ካደገም በኋላ ግራ ክንዱን ደብተር እንደያዘ ሰው አጥፎ ይሮጥ ነበር። በዚያው አሯሯጥ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አምጥቷል። መለኪያችሁ ሁለት ይሁን፤ ያማታል ወይ? ሰውነቷን ያጣምማል ወይ? ሁለቱም ከሌሉ ተዉት።

መታረም ካለበት ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ያለ ኳስ፣ ግራ እጇ ወደ ግድግዳው እያመለከተ፣ ከዚያም ክርኗ ወደ ጎድኗ እየተሰበሰበ በዝግታ ትለማመድ። ቀጥሎ በቀላል ኳስ፣ ከጥቂት ሜትር ርቀት ትወርውር፤ ኃይል በኋላ ይመጣል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንገሯት፤ «ክርን ወደ ጎድን» ይበቃል። በስልክ ከፊት ለፊት ቀርጻችሁ ብታሳዩዋት ከብዙ ምክር ይሻላል። እጇን በነጠላ ከሰውነቷ ጋር ማሰር ግን አይገባም፤ ስትወድቅ የምትደገፍበት እጅ ነው።

ሕመሙን በተመለከተ ወላጆች አንድ ነገር ያዙልኝ። በልጆች ክንድ ጫፍ ላይ አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ውርወራ ሲደጋገም እሱ ይጎዳል፤ በተለይ ከ11 እስከ 16 ዓመት ባሉ ወርዋሪ ልጆች ላይ የታወቀ ጉዳት ነው። ስለዚህ ስትወረውር የሚመላለስ የትከሻ ሕመም «ጡንቻዋ እየጠነከረ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ለወጌሻም አሳልፋችሁ አትስጡ፤ መጎተትና መጠምዘዝ ጉዳቱን ያብሳል። ክንዷን አሳርፋችሁ ጀጎል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል አሳዩዋት። አብዛኛው በቂ ዕረፍት ሲያገኝ ይድናል፤ ዕረፍቱ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል።

አሠልጣኞችም ልብ በሉ። በልምምዱ መጀመሪያ ላይ በሚገባ ይዘረጋ የነበረው ግራ እጅ ወደ መጨረሻው መንጠልጠል ከጀመረ፣ ልጅቷ አልታዘዝ ብላ ሳይሆን ደክሟት ነው። ጩኸት ሳይሆን ዕረፍት ያስፈልጋታል፤ የዕለቱ ውርወራ በዚያ ይብቃ።

በጤና ያገናኘን።