የተያዘ ዲፕሎማ ሐኪም አያቆይም

በአዲስ አበባ፣ በመካኒሳ፣ በለቡና በጀሞ የሚኖር ሰው ሌሊት ድንገት ሲታመም ወይም የመኪና አደጋ ሲደርስበት፣ በቅርብ ከሚያገኛቸው ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ዘነበወርቅ የሚገኘውና በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው አለርት ነው። በአገሪቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች በሌሊት ተረኝነት ሕመምተኛን አስቀድሞ የሚያየው፣ እንደ ደንቡ፣ ኢንተርኑ ወይም ጠቅላላ ሐኪሙ ነው፤ ኢንተርን የሚባለው በመጨረሻው የትምህርት ዓመቱ በሆስፒታል እየሠራ የሚማረው ዕጩ ሐኪም ሲሆን፣ ጠቅላላ ሐኪም ደግሞ ተመርቆ ገና ወደ ስፔሻሊቲ ትምህርት ያልገባው ነው። የወጣት ሐኪሞች ፍልሰት ከደመወዝ ክርክር አልፎ የማንኛውም ቤተሰብ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ችግር መንግሥት ለረጅም ጊዜ የሰጠው መልስ ቁጥር ማብዛት ነበር። የነባሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ በብዙ እጥፍ ካደገ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት፣ በሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ተጀመረ። ስሌቱ፣ የሚያፈስ እንስራ ከላይ ብዙ ከተጨመረበት መሙላቱ አይቀርም የሚል ነበር። ስሌቱ ከፊል እውነት ነበረው፤ ዛሬ በወረዳ ሆስፒታሎች ሐኪም መገኘቱ ከዚያ ዘመን ጥረት የተገኘ ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ለተመራቂው የሚሆን የሥራ መደብና በጀት በዚያው ልክ ስላልተዘጋጀ፣ ሐኪም ባጠረባት አገር ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሐኪም መታየት ጀመረ። ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ የተማረ ሰው ምደባ ሲጠብቅ በሚያሳልፋቸው ወራት፣ የአሜሪካን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ማጥናት ወይም ሀርጌሳ ያለ የግል ሆስፒታል ቅጥር ማፈላለግ ቢጀምር ሊወቀስ አይገባም።

ሁለተኛው መልስ ግዴታ ነው። ለዓመታት ሲሠራበት እንደቆየው፣ የሕክምና ተመራቂ ዋናውን የትምህርት ማስረጃውን የሚረከበው በተመደበበት ቦታ የተወሰኑ ዓመታት ካገለገለ ወይም የተተመነበትን ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ነው። ሕዝብ ላስተማረው ሰው የአገልግሎት ግዴታ መጣል በራሱ ስሕተት አይደለም። ታይላንድም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ለሐኪሞቿ የግዴታ አገልግሎት ደንግጋለች፤ ከዚያ ግን ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን ለይቶ መቀበልንና በሩቅ ቦታ ለሚሠሩት የተለየ አበል መክፈልን አክላበታለች። ድጋፍ የሌለው ግዴታ ግን ሐኪሙ የሚለቅበትን ቀን ከመወሰን አያልፍም፤ በሥራው ላይ ያለው ወጣትም ስለሚሠራበት ሆስፒታል ማሰቡን ትቶ ማስረጃው የሚለቀቅበትን ዕለት ይቆጥራል።

ስለ ገንዘብ ብዙ ተብሏል፤ የተባለውም እውነት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት፣ ከእነርሱም ብዙዎች የታሰሩት፣ የአንድ ጠቅላላ ሐኪም የወር ደመወዝ በዶላር ሲመነዘር ከ100 በታች በነበረበት ጊዜ ነው። ከጥያቄዎቻቸው መካከል የዲዩቲ ክፍያ፣ ማለትም ለሌሊትና ለበዓል ተረኝነት የሚሰጠው ገንዘብ፣ እንዲሁም የጤና መድን ይገኙበታል፤ ሌላውን የሚያክም ሰው ራሱ ሲታመም መታከሚያ ማጣቱ ደግሞ በየትኛውም የበጀት ክርክር ሊስተባበል የማይገባው ጉዳይ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መሻሻሉ ተገቢ እርምጃ ቢሆንም፣ ዘግይቶ የሚከፈል ዲዩቲን በጊዜው የሚያስከፍል አይደለም። የመንግሥት ሆስፒታሎች ከመደበኛው ሰዓት ውጪ በክፍያ የሚያክሙበት ‹‹ፕራይቬት ዊንግ›› የተባለው አሠራርም በዋናነት የጠቀመው ስፔሻሊስቶችን ነው።

ከገንዘቡ ባልተናነሰ ወጣቱን የሚያስኮበልለው ግን ብቻውን መተዉ ነው። ቀን ሲሠራ ውሎ፣ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሕመምተኞችን ለመጎብኘት ራውንድ የሚወጣ ሐኪም በሥራ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ይቆያል። በዚያ ሌሊት ጓንትና መርፌ ከውጭ መድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አምጡ ብሎ ለአስታማሚ ወረቀት የሚጽፈው እርሱ ነው፤ ዕቃው እስኪመጣ ሕመምተኛው ሲደክም የሚያየውም፣ የቤተሰቡን ቁጣ የሚቀበለውም እርሱ ነው። ማዳን እንደሚቻል እያወቀ በዕቃ እጦት ሰው የሞተበት ሐኪም የሚሸከመው ሐዘን በደመወዝ ስኬል ውስጥ ቦታ የለውም። አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው፣ ሲሳሳት የሚያርመው፣ ሲከሰስ የሚቆምለት ነባር ሐኪም ያገኘ ወጣት ይህን ሸክም ይችለዋል፤ ያላገኘው ግን ይሄዳል።

የጋና ልምድ ትኩረት የሚያሻው ከዚህ አንጻር ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ1989 የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረች በኋላ፣ በዚያ መርሐ ግብር ከሠለጠኑት አብዛኞቹ በአገራቸው ቀርተዋል፤ ቀድሞ ለዚሁ ትምህርት ወደ ውጭ ይላኩ ከነበሩት ብዙዎቹ ግን አልተመለሱም ነበር። በኢትዮጵያም የስፔሻሊቲ ትምህርት በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎችም ይሰጣል፤ መግቢያውም በጤና ሚኒስቴር የሚመራ አገር አቀፍ ፈተና ነው። ፈተናውን ማለፍ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ተማሪው በአብዛኛው ስፖንሰር፣ ማለትም እየከፈለ የሚያስተምረውና ሲጨርስ መልሶ የሚረከበው ክልል ወይም ተቋም ያስፈልገዋል። ለወጣቱ ሐኪም ነገሩ ሁሉ ጭጋግ የሚሆንበት እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ተቋም፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን መስፈርት ስፖንሰር እንደሚያደርገው ሲመደብ አያውቅምና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀው የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቅጥር ደንብ፣ ሀብታም አገሮች ባለሙያ ካጠራቸው አገሮች በዘመቻ እንዳይመለምሉ ያሳስባል፤ እንዲህ ያለ ምልመላ እንዳይደረግባቸው በ2023 በወጣው የ55 አገሮች ዝርዝር ውስጥም ኢትዮጵያ አለች። ያው ደንብ ግን የግለሰቡን የመሰደድ መብት አይነካም፤ ስለዚህ ሐኪምን የማቆየቱ ሥራ ተመልሶ የሚያርፈው በአሠሪው ላይ ነው። ዲዩቲን ወሩ ሳይወጣ መክፈል፣ ከአዳር በኋላ ዕረፍትን ግዴታ ማድረግ፣ በየተረኝነቱ ነባር ሐኪም በአካል እንዲገኝ ማድረግ የአንድ ሆስፒታል አስተዳደር አዲስ አዋጅ ሳይጠብቅ ሊጀምራቸው የሚችላቸው ናቸው። ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ደግሞ ለተመደበው ጠቅላላ ሐኪም በሥራ መግቢያው ዕለት፣ ይህን ያህል ዓመት ካገለገለና ፈተናውን ካለፈ በዚህ ዓመት፣ በዚህ የትምህርት ዘርፍ ስፖንሰር እንደሚሆኑት ፈርመው ይስጡት፤ በዚያ ወረቀት ላይ የእርሱ ፊርማ ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ፊርማ ይኑርበት፤ ያላከበሩት እነርሱ ከሆኑም የተያዘው ማስረጃ በዚያው ዕለት ይለቀቅለት።