የዶዮገናው በግ ገበያና የስልክ ውስጥ ምስክር

አንባቢዬ ሆይ! ወደ ዶዮገና የበግ ገበያ ብቅ ብለው የሚያውቁ እንደ ሆነ፣ ዛሬ የማወጋዎትን ነገር ያለ ብዙ ድካም ይረዱልኛል። የዶዮገና በግ በቁመናውም በሥጋውም ስመ ጥር ስለ ሆነ ገዢው ከሩቅ ሳይቀር ይመጣል። ገዢ በበዛበት ደግሞ ደላላ አይጠፋም። በዶዮገና ብቻ ሳይሆን በማናቸውም የከብት ገበያ ደላላ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ደላላነቱ የታወቀ ነው። በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ ዋጋ ያስማማል፤ የድካሙንም ዋጋ ሰው ሁሉ እያየ ይቀበላል። እርሱ በጉን ቢያሞግስ ማንም አይታለልም፤ ማሞገስ ሥራው ነውና። ሁለተኛው ግን ደላላ አይመስልም። ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ እንደ ማንኛውም ገበያተኛ ከጎንዎ ይቆምና «ወይ በግ! ገንዘብ ቢኖረኝ ዛሬ አላሳልፈውም ነበር» ይላል። እርስዎም «ይህ ሰው በነገሩ ጥቅም የለውም፤ የሚናገረው እውነቱን ነው» ብለው ኪስዎን ይፈታሉ። በጉን ጎትተው ከራቁ በኋላ ያ ሰው ወደ ሻጩ ጠጋ ብሎ ድርሻውን ይቀበላል።

እንግዲህ ያ ሁለተኛው ሰው ዛሬ ከገበያው ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾም ሆነ በሌሎቹ የሀድያና የከምባታ ከተሞች የወጣቱ መዝናኛ ከጆተኒና ከከረንቡላ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ከፕሌይስቴሽን ቤትም ወደ እጅ ስልክ ተሸጋግሯል። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በማደሪያው፣ ጀማሪ የቢሮ ሠራተኛም ከሥራ ሲወጣ፣ ጨዋታውን ራሱ ከመጫወት አልፎ ሌላ ሰው ሲጫወት በዩቲዩብና በቲክቶክ ይመለከታል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። አባቶቻችን ገበጣ የሚጫወቱትን ሰዎች ከበው ይመለከቱ አልነበረምን? ጥያቄው የሚመጣው፣ የሚጫወተው ሰው ስለ ጨዋታው ሲመሰክር ምስክርነቱን ማን ገዛው? ሲባል ነው።

ባለፈው ሰሞን ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪነት የሚሠራ የማውቀው ወጣት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ጠቁሯል። ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ አንጋጫ ላሉት እናቱ ለማዳበሪያ መግዣ ሊልክላቸው ያስቀመጠውን 3,000 ብር፣ ገንዘብ እያስያዙ በሚጫወቱት የስልክ ጨዋታ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ጨረሰው ነገረኝ።

«ማን አስጀመረህ ልጄ?» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሳቂታ ጎረምሳ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ይጫወታል፤ ያሸንፋል፤ ይጮኻል፤ እንደ ገና ያሸንፋል።

«ጋሼ፣ ልጁ እኮ ነጋዴ አይደለም። እንደ እኛው ተጫዋች ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስከታተለው ኖሬአለሁ። ለምን ብሎ ይዋሸኛል?» አለኝ።

«ስትመዘገብ ምን ጠየቁህ?»

«ስልክ ቁጥሬንና እርሱ የሰጠውን ኮድ።»

አንባቢዬ፣ ይህችን ኮድ ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ይህ ዓይነቱ ነገር ጠንቶ የታየውና በሕግ ፊት የቀረበው በአሜሪካ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን የመጫወቻ መሣሪያ ወደ ገበያ ሲያወጣ፣ ማሺኒማ የተባለ የቪዲዮ ድርጅት የታወቁ ተጫዋቾችን በገንዘብ አሰማርቶ ዕቃውን እንዲያወድሱ አደረገ። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2015 እንዳስታወቀው፣ ለአንዱ 15,000 ዶላር፣ ለሌላው 30,000 ዶላር ተከፍሏል፤ የሁለቱም ቪዲዮዎች በመቶ ሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ታይተዋል። ተመልካቹ ግን ይህ ሁሉ ውዳሴ ከልብ የመነጨ መስሎት ነበር።

በ2016 ደግሞ ያው ኮሚሽን ዋርነር ብራዘርስን ከሰሰ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው በ2014 አንድ አዲስ ጨዋታ ሲያወጣ፣ ለቪዲዮ ሠሪዎች ከጥቂት መቶ እስከ ዐሥር ሺዎች የሚደርስ ዶላር ከፈለ። ከተከፋዮቹም አንዱ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ተከታይ የነበረው፣ ፒውዲፓይ በሚል ስም የሚታወቀው ስዊድናዊ ነበር። ውሉ ስለ ጨዋታው መልካም እንጂ ጉድለቱን እንዳይናገሩ ያዝዛል። መከፈሉ ጨርሶ አልተደበቀም፤ ነገር ግን የተጻፈው ከቪዲዮው ሥር፣ «ተጨማሪ አሳይ» የሚለውን ካልነኩ በማይታይ ቦታ ነበር። ቪዲዮዎቹ በጠቅላላው ከ5.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታዩ። ከነዚያ ሁሉ ተመልካቾች ውስጥ ስንቱ ያንን ምልክት እንደ ነካ እርስዎ ይፍረዱ።

ከሁሉ የከፋው ግን በ2016 የተገለጠው ነው። ትሬቨር ማርቲንና ቶማስ ካስል የተባሉ ሁለት ስመ ጥር ተጫዋቾች፣ በአንድ የተኩስ ጨዋታ ውስጥ በሚገኙ ያጌጡ የጦር መሣሪያ ሥዕሎች ቁማር የሚያጫውት ድረ ገጽ ያስተዋውቁ ነበር። ማርቲን በ5 ደቂቃ 13,000 ዶላር እንዴት እንደሚገኝ አሳያለሁ የሚል ቪዲዮ አወጣ። በኋላ ሲመረመር የቁማር ቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው ሆነው ተገኙ! ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ ለሌሎች ቪዲዮ ሠሪዎች ከ2,500 እስከ 55,000 ዶላር የሚያወጣ ገንዘብ ወይም የጨዋታ ዕቃ እየሰጡ፣ ድረ ገጹን የሚነቅፍ ቃል እንዳይወጣቸው በውል አስረዋቸው ነበር። በ2017 ኮሚሽኑ ሁለቱን ሰዎች ጥፋታቸውን እንዳይደግሙ በትእዛዝ አሰራቸው። ድርጅት ብቻ ሳይሆን ቪዲዮ ሠሪው ራሱ ተጠያቂ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ነገሩ እኛን ይበልጥ ይጎዳናል። ምክንያቱም በከተሞቻችን ሰው የሚገዛውም የሚሸጠውም፣ የሚሰደደውም የሚመለሰውም ሰው ጠይቆ ነው። ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተጓዘው ወጣት መንገዱን የተማረው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይሆን፣ ቀድሞት ከሄደ ወንድም ወይም የሰፈር ልጅ አፍ ነው። ዕቁባችንም ዕድራችንም የቆመው በሰው ቃል ላይ ነው። እንግዲህ የወዳጅን ቃል የለመደ ሕዝብ፣ ወዳጅ መስሎ የሚናገር የተከፈለው ሰው ሲመጣበት፣ መከላከያው ምን ይሆናል?

ሕጉስ ምን ይላል? በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ አሳሳች እንዳይሆንና ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል፤ ቁማርንም ማስተዋወቅ ከከለከላቸው ነገሮች መካከል ቆጥሮታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹን የሚያታልል ማስታወቂያ ይከለክላል። ዩቲዩብም በበኩሉ ቪዲዮ ሠሪው ገንዘብ ተቀብሎ እንደ ሆነ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ ሠሪው ይህን ሲያመለክት በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ የተከፈለበት ማስተዋወቅ እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ይታያል። ቲክቶክም ተመሳሳይ ምልክት አለው። ይሁን እንጂ ምልክቱን የሚያበራው ቪዲዮ ሠሪው ራሱ ነው፤ እርሱ ዝም ካለ ምልክቱም አብሮት ዝም ሊል ይችላል።

አንባቢዬ፣ ነገሬን አይሳቱብኝ። ቪዲዮ ሠሪ ለምን ገንዘብ ያገኛል ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ካሜራውን፣ መብራቱን፣ የኢንተርኔት ጥቅሉን በነጻ የሚሰጠው የለም። የአዝማሪን ነገር ይመልከቱ። አዝማሪ የሰጠውን ሰው ያወድሳል፤ ነገር ግን ብሩ በግንባሩ ላይ ሲለጠፍለት ቤቱ ሙሉ ሰው ያየዋል። ስለዚህ ውዳሴውን ሰው እንደ ውዳሴ ያደምጠዋል፣ ይስቅበታል፣ ይደሰትበታል እንጂ በእርሱ ተማምኖ ርስቱን አይሸጥም። ነውሩ ብሩን በግንባር ሳይሆን በጠረጴዛ ሥር መቀበሉ ላይ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ የት እንደ በላ ካወቅን ጩኸቱ አያስደነግጠንም።

ከናንተም መካከል ቪዲዮ እየሠራችሁ ተከታይ ያፈራችሁ ተማሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገ አንድ ሰው ጠርቶ «ይህን ጨዋታ አመስግን፤ ይህን ያህል ብር አለህ፤ መከፈልህን ግን አትናገር» ቢላችሁ፣ የመጨረሻዋ ቃል የሥራው ሁሉ ቁልፍ መሆኗን አስቡ። ነገሩ መልካም ከሆነ መከፈላችሁ ቢታወቅ ምን ይጎድልበታል? በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ «ይህን እንዳሳያችሁ ተከፍሎኛል» ማለት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ይህን የሚከለክል ከፋይ የሚገዛው ድምፃችሁን አይደለም፤ የሚያምናችሁን ሰው ነው።

ተመልካች ለሆኑት ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። ሰውየው የሚጫወትበት ገንዘብ የራሱ ነውን ብለው ይጠይቁ። ያሸነፈበትን ብቻ ነው ወይስ የተሸነፈበትንም ቀን ያሳያል? ሦስት አራት ሰዎች ያንኑ ነገር በተመሳሳይ ቃል ሲያመሰግኑ ከሰሙ፣ ቃሉን አንድ ሰው እንደ ጻፈላቸው ይጠርጥሩ። ከሁሉ በላይ፣ ኮዴን አስገቡ ካልዎት ቆም ይበሉ።

ቃል በገባሁት መሠረት ወደ ኮዷ ልመለስ። ያ ወጣት ኮዷን ሲያስገባ ስጦታ የሚያስገኝለት መስሎት ነበር። እንዲህ ያለ ኮድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማን ማንን እንዳመጣ መቁጠሪያ ነው፤ በቆጠራውም መሠረት ላመጣው ሰው ይከፈለዋል። የበግ ነጋዴ የገዛው በግ ከሌላው እንዳይቀላቀልበት ጀርባውን ቀለም እንደሚቀባ ያውቃሉ። ይህን ሳስረዳው ወጣቱ ስልኩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «ጋሼ፣ ለካ በገዛ እጄ ነው የተቀባሁት» አለ።

የምለው ጠፋኝ። እናቱ ማዳበሪያውን በብድር እንደ ወሰዱ በኋላ ነገረኝ፤ ብድሩን ከሚቀጥለው ደመወዙ ሊከፍል አስቧል። ጨዋታውን ከስልኩ አጥፍቶታል። ያን ሳቂታ ጎረምሳ ግን አሁንም ይመለከተዋል። «መልካም ልጅ ነው፤ ቢነግረኝ ኖሮ ምን ነበረበት?» ይላል።

እርስዎም፣ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ገበያ በግ ሲገዙ ከጎንዎ የቆመው ሰው ያለውን ትተው የበጉን ጀርባ በእጅዎ ዳሰው ይግዙ። በስልክዎም እንዲሁ ያድርጉ።

እስከሚመጣው ሳምንት ደኅና ይሰንብቱ።