የከፊል ጉልበት ቅየራ ውጤትና የሆስፒታሎች የሥራ ብዛት፦ ቁጥሩ ምን ይለካል?

የጉልበት መገጣጠሚያ የውስጥ ጎን፣ የውጭ ጎንና የፊት ክፍል ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በኦስቲዮአርትራይተስ የተጎዳው አንዱ ክፍል ብቻ በሚሆንበት ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ጤናማውን ትቶ የተጎዳውን ብቻ በሰው ሠራሽ አካል ሊተካ ይችላል፤ ይህም ከፊል የጉልበት ቅየራ ይባላል። ሙሉ ቅየራ ደግሞ የመገጣጠሚያውን ገጽ በጠቅላላ ይተካል። ለከፊል ቅየራ ብቁ ለሆነ ታካሚ ሁለቱም መንገዶች ክፍት ናቸው። የትኛው እንደሚሻለው የሚወስነው ግን የጉልበቱ ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የሆስፒታሉና የቀዶ ሐኪሙ ልምድም ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ልምዱ በዓመታዊ የቀዶ ሕክምና ቁጥር ብቻ ሊለካ አይገባም የሚል ነው።

የሁለቱን ሕክምናዎች ልዩነት በስፋት ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። ጥናቱ በእንግሊዝና በዌልስ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ፣ ከፊል ቅየራ የተደረገላቸውን 25,334 ታካሚዎች ከሚመሳሰሏቸው 75,996 የሙሉ ቅየራ ታካሚዎች ጋር አነጻጽሯል። ከፊል ቅየራ የተደረገላቸው በሆስፒታል የቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው፤ የደም መርጋት፣ የድንገተኛ ልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋም ሆነ የሞት መጠን በእነርሱ ዘንድ ያነሰ ነበር። በአንጻሩ በ8 ዓመት ውስጥ የተተከለው አካል በድጋሚ ቀዶ ሕክምና የመለወጡ ዕድል ከሙሉ ቅየራው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙዎች ከፊል ቅየራን በጥርጣሬ የሚያዩት በዚህ የመጨረሻ ውጤት ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ አማካይ ውጤት በውስጡ ሰፊ ልዩነት ደብቋል። የሥራ ብዛትና የሕክምና ውጤት ዝምድና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊ ትኩረት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 ሉፍት፣ ባንከርና ኤንቶቨን በአሜሪካ 1,498 ሆስፒታሎችን ባጠኑበት ወቅት ነው። በእነርሱ ግኝት ዝምድናው ለሁሉም ዓይነት ቀዶ ሕክምና አንድ አልነበረም፤ በልብ ቀዶ ሕክምና ሲጎላ፣ በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ግን አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የስዊድን መዝገብ ጥናት ደግሞ፣ ለአተካከል ጥንቃቄ በሚጠይቀው የኦክስፎርድ ጉልበት ላይ ብዙ የሚሠሩ ክፍሎች ያነሰ የድጋሚ ቀዶ ሕክምና ስጋት እንዳላቸው አሳይቷል። ከእንግሊዝ መዝገብ የተገኘውም መረጃ በዓመት ከ10 በታች ከፊል ቅየራ የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች ውጤት፣ 30ና ከዚያ በላይ ከሚሠሩት ያነሰ መሆኑን ይመሰክራል። ከእነዚህ ማስረጃዎች በመነሣት ለሆስፒታሎች ዝቅተኛ ዓመታዊ ቁጥር መደንገግ በቂ መፍትሔ ሊመስል ይችላል።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» እንደሚባለው፣ ደጋግሞ የሠራ እጅ የተሻለ መሥራቱ አያከራክርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 41,986 ከፊል ቅየራዎችን የመረመረ ጥናት ሌላ ገጽታ ገልጧል። ከጠቅላላ የጉልበት ቅየራ ሥራቸው ቢያንስ 20 በመቶውን በከፊል ቅየራ የሚያከናውኑ ቀዶ ሐኪሞች ተቀባይነት ያለው ውጤት ሲያገኙ፣ የተሻለው ውጤት የታየው ድርሻው ከ40 እስከ 60 በመቶ በሚደርስበት ነው። ይህ የእጅ ቅልጥፍናን ብቻ ሳይሆን ታካሚን የመምረጥ ዳኝነትንም ያመለክታል። ከፊል ቅየራን «ለቀላል ጉዳት» ብቻ የሚያስቀምጥ ሐኪም፣ ልም አጥንቱ ገና ሙሉ በሙሉ ያላለቀበትን ታካሚ ይመርጣል። የእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ሕመም ምንጭ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ተገቢው ታካሚ ግን በአንዱ ጎን አጥንት ከአጥንት ጋር የሚፋተግበት፣ ጅማቶቹና ሌላው ጎን ደህና የሆኑለት ነው።

መለኪያው ራሱም ጥያቄ ያስነሣል። ከፊል ቅየራን ወደ ሙሉ መለወጥ፣ ሙሉውን አውጥቶ በሌላ ከመተካት በአብዛኛው ይቀላል። በመሆኑም ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም የገጠመው፣ በኤክስሬይ ላይ ከተተከለው አካል ሥር የሚታየውን ጉዳት አልባ ቀጭን መስመር እንደ መላላት የተረጎመ ሐኪም ለድጋሚ ቀዶ ሕክምና ይቸኩላል። ስለዚህ የድጋሚ ቀዶ ሕክምና ብዛት የተተከለውን አካል ድክመት ብቻ ሳይሆን የሐኪሙን ውሳኔም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው፣ በ27 የብሪታንያ ሆስፒታሎች 528 ታካሚዎችን በዕጣ የመደበው ቶፕካት የተሰኘ ጥናት፣ ከ5 ዓመት በኋላ በጉልበት አገልግሎት ረገድ በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ከፊል ቅየራው ግን ከወጪ አንጻር የተሻለ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው፣ በሆስፒታል ደረጃ የሚደነገግ ቁጥር ብቻውን ታካሚውን አይጠብቅም የሚል ድምዳሜ ነው። በዓመት 40 ከፊል ቅየራ የሚሠራ ሆስፒታል ሥራውን ለ10 ቀዶ ሐኪሞች ቢያከፋፍል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 4 ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉ ድንጋጌውን ቢያሟላም ታካሚው ብዙም ያልሠራ ሐኪም እጅ ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል ቁጥር ለመሙላት ሲባል ቀዶ ሕክምና የማያስፈልገው ሰው እንዳይታከም ያሰጋል። አነስተኛ ሆስፒታሎችን ከሥራው ማስወጣትም ጉልበቱ የታመመን አረጋዊ ረጅም መንገድ ያስጉዛል።

የተሻለው አቅጣጫ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛ፣ በየሆስፒታሉ ሥራው በጥቂት ቀዶ ሐኪሞች እጅ ይሰብሰብ፤ ይህ ካልተቻለ ብቁው ታካሚ ወደሚሠራበት ይላክ። ሁለተኛ፣ መዝገቦች ከብዛቱ ጎን የከፊል ቅየራውን ድርሻ በየቀዶ ሐኪሙ ይመዝግቡ። ሦስተኛ፣ ታካሚው ከመፈረሙ በፊት ሐኪሙ በዓመት ስንት እንደሚሠራ ይነገረው። ሕክምናውን አዲስ የሚጀምር ተቋምም መዝገቡን ከመጀመሪያው ታካሚ አንሥቶ ሊይዝ ይገባል፤ ያልተመዘገበ ልምድ ለቀጣዩ ታካሚ ማስረጃ አይሆንምና።