ባለጉዳይ በቃሉም ይደመጥ



በፍትሐ ብሔር ክርክር፥ ባለጉዳዮች ክስና መልሳቸውን በጽሑፍ ካቀረቡ በኋላ ዳኛው በቃል ሳይሰሙዋቸው መዝገቡን ብቻ መርምረው ቢፈርዱ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። በዚህ ላይ ያለኝን አሳብ በጋዜጣዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እነዚህ ሰዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ቀጠሮ በበዛ ቁጥር የመንግሥት ሠራተኛው ከአለቃው ፈቃድ ሲለምን፥ ገበሬው ከሩቅ ሲመላለስ ጊዜና ገንዘብ ይባክናል። ጽሑፍም የተባለውን ነገር ከመረሳትና ከመለወጥ ይጠብቃል። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እያሉ በሚሟገቱበት ዘመን፥ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሰው እውነት የያዘውን ዝምተኛ ይረታው እንደ ነበር አልክድም።

ነገር ግን ዛሬ በአንደበተ ርቱዑ ፈንታ ብዕረ ርቱዑ እንዳይተካ እፈራለሁ። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ በጥቂት ብር ያስጽፋል። የአንድ ተማሪዬ እናት በቤት ኪራይ ክርክር መልስ ሲያስጽፉ፥ ገንዘቡን በሁለት ሰዎች ፊት መክፈላቸውን ቢናገሩም ጸሐፊው ሳይጽፈው ቀረ። እርሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ጉድለቱን አላወቁም፤ ዳኛውም ስላልጠየቁዋቸው ተፈረደባቸው። አንድ ጥያቄ ቢጠየቁ ኖሮ ምስክሮቹ በታወቁ ነበር።

እኔ ሥራዬ ማስተማር ነው። ተማሪ ያማረ ድርሰት ይዞ ሲመጣ፥ የራሱ መሆን አለመሆኑን የማውቀው ሁለት ሦስት ጥያቄ በቃል ስጠይቀው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከፋይል ጋር የሚውሉ አንባቢዎችም፥ ባለጉዳዩ ቀርቦ ሲያስረዳ ፋይሉ ያልያዘው ነገር ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ያውቁታል።

ሕጋችንም ይህን አስቦበታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 241፥ ፍርድ ቤቱ ክስ በሚሰማበት ቀን የጽሑፉን ክርክር እንዲያነብ፥ ባለጉዳዮቹንም መርምሮ የሚያምኑትንና የሚክዱትን ለይቶ እንዲያውቅ ያዛል። ይህ በደንብ ቢፈጸም የማያከራክረው ነገር ተለይቶ ስለሚወጣ ክርክሩን ያሳጥራል እንጂ አያስረዝምም።

ስለዚህ ክርክሩ የሕግ ትርጉም ብቻ ሲሆንና ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ በመዝገብ ይወሰን። ተደረገ አልተደረገም የሚያሰኝ ነገር ሲኖር ግን ለሩብ ሰዓትም ቢሆን ባለጉዳዩ በቃሉ ይጠየቅ። የሚቀነስ ነገር ካለ ያለ ሥራ የሚተላለፈው ቀጠሮ ይቀነስ። ተናግሮ የተረታ ሰው ፍርዱን ለመቀበል ይቀለዋል፤ ሳይደመጥ የተረታ ግን ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ተበደልሁ እያለ ይኖራል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ