የጅቡቲ ቤት ኪራይ፦ በአንድ ከተማ ሁለት ገበያ

ጥሪቱን በጅቡቲ ከተማ ቤት ላይ ለማዋል የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የኪራዩን መጠን ነው። ጥያቄው ግን አንድ መልስ የለውም። በከተማዋ ቢያንስ ሁለት የኪራይ ገበያዎች አሉ፤ የሁለቱን አማካይ ይዞ መነሳት ለኪሳራ ይዳርጋል።

አንደኛው እንደ ሄሮንና ሃራሙስ ባሉ ሰፈሮች የሚታየው ነው። ተከራዮቹ በአብዛኛው ዲፕሎማቶች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞችና የውጭ ኩባንያ ባልደረቦች ናቸው። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና ጣሊያን በአገሪቱ የጦር ሰፈር አላቸው፤ ቻይናም እንደ አውሮፓውያኑ በ2017 ተቀላቅላለች። በዚህ ገበያ ኪራዩን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ በመሆኑ፣ ዋጋው ከአገሬው ደመወዝ ጋር አይመጣጠንም።

ሁለተኛው ባልባላ ነው። ፈረንሳዮች በ1966 ከተማዋን በሽቦ አጥር ሲከልሉ፣ ከአጥሩ ውጭ የቀሩ ሰዎች የሰፈሩበት ይህ አካባቢ ዛሬ እጅግ ሰፊ ሆኗል። ብዙዎቹ ቤቶች በቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፤ የይዞታ ማረጋገጫ የሌላቸውም ጥቂት አይደሉም። እዚህ ኪራይን የሚወስነው የተከራዩ የዕለት ገቢ ነው።

ኢትዮጵያውያን ባለሀብቶችን የሚስበው የገንዘቡ መረጋጋት ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ እንዲመነዘር ተደርጎ የተቆረጠ ሲሆን፣ ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ይወሰናል። ሆኖም ቋሚ ምንዛሪ ገንዘቡን እንጂ ተከራዩን አይጠብቅም። የጦር ሰፈሮች ውል ቢቀየር፣ ወይም ከዘጠና በመቶ በላይ የውጭ ንግዷን በጅቡቲ የምታስተናግደው ኢትዮጵያ ሌሎች ወደቦችን በስፋት ብትጠቀም፣ ውድ ቤቶች ባዶ ሊቀሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ሊጠና የሚገባው ደላላ የሚጠራው ዋጋ ሳይሆን የተፈረመ ውል ነው። ከፋዩ ማን ነው? ውሉ የሚያበቃው መቼ ነው? ቤቱ በዓመት ስንት ወር ባዶ ይቆያል? በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ከተማ የማቀዝቀዣውን የኤሌክትሪክ ሒሳብ የሚሸፍነውስ ማን ነው?

ባለሀብቱ ዶላር ወዳለበት ሲያዘነብል፣ ለባልባላ ቤተሰብ የሚሆን ጥሩ ቤት የሚሠራ አይገኝም። ለብዙኃኑ ነዋሪ የኪራይ ችግር መፍትሔ መፈለግም ለመንግሥትና ለአጋሮቹ የሚተው ሥራ ይሆናል።