ጥር 23 የቱ ጥር ነው?

ጎበዝ፣ ዘንድሮ ሁሉም ሰው «ኤጀንት ሠራሁ» ባይ ሆኗል። ይሁን፣ ደስ ይላል። እስኪ ግን የሠራችሁትን ነገር እንጅባራ ለተጋበዘ የአዲስ አበባ ልጅ ስጡትና «የፈረስ በዓሉን ጥር 23 ብለህ መዝግብልኝ» ይበለው። (ለማያውቅ፦ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ይከበራል።) ኤጀንታችሁ «እሺ፣ መዝግቤያለሁ» ይላል። የት? ጃንዋሪ 23 ላይ! ልጁ ከሳምንት በላይ ቀድሞ እንጅባራ ይደርስና ባዶ ሜዳ ላይ ፈረስ ሲፈልግ ይውላል።

ይሄኔ ሁላችንም አፋችን ላይ የምትመጣ አንዲት ሰበብ አለች፦ «ሞዴሉ አማርኛ አይችልም።» አማርኛው እንደሚደናቀፍ አልክድም። የዚህ ጥፋት ግን በአብዛኛው የኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤጀንቱ ራሱ ቀጠሮ አይዝም፤ እኛ የጻፍንለትን መሣሪያ ይጠራል እንጂ። ኮዱን አያይም። የሚያየው የመሣሪያውን ስም፣ መግለጫውንና የሚቀበላቸውን ነገሮች ዝርዝር ነው። በቃ! እኛ ደግሞ መግለጫው ላይ «ቀን ተቀብሎ ቀጠሮ ይይዛል» ብለን እንሄዳለን። የቱን ቀን? በማን አቆጣጠር? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን ካወጣ ወዲህ መሣሪያን ከኤጀንት ጋር ማገናኘት ቀላል ሆኗል። ፕሮቶኮሉ ግን መግለጫችሁ እውነት ይሁን ውሸት አይመረምርም። የጻፋችሁትን አድርሶ ዝም ነው።

«ስምንት ቀን ደምርበት» የሚል ብልጥም አይጠፋም። ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ነበር፤ ልክ ነህ። ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ነበር፤ የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት። ወንድሜ፣ ቀመሩን ራስህ አትፍጠር። የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቁ ኮዶች ድሮ ተጽፈው፣ ብራውዘሮች ውስጥ ሳይቀር ገብተው ተቀምጠዋል። የጎደለው «ይህ መሣሪያ የሚቀበለው የኢትዮጵያን ቀን ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ዳንግላ መናኸሪያ እንገናኝ» ያለች ልጅ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ከተመዘገበላት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኝታለች ማለት ነው። ከጅብ ጋር! ጠዋት ይሁን ማታ ሳትናገር «ሁለት ሰዓት» ብቻ ካለች ደግሞ ትክክለኛው ሥራ መልሶ መጠየቅ ነው። ይህንንም መግለጫው ላይ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

(በነገራችን ላይ፣ «በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ያነባል» ብሎ አገውኛውን ሁሉ አማርኛ ነው የሚል መሣሪያም ያው ነው። እነ ጘ እና ጝ ዩኒኮድ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ አማርኛው እንደማይጠቀምባቸው ማየት ያን ያህል ይከብዳል?)

ፈተናችንስ? አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ይሠራል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሣል። ሲዬራ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ታው ቤንች አንዱን ሥራ ደጋግሞ በማሠራት ይፈትናል። ያኔ ስመ ጥሩ የነበረው ጂፒቲ 4ኦ እንኳ በሱቅ ሥራዎቹ ላይ ስምንቱንም ጊዜ ሳይሳሳት መድገም የቻለው ከ25 በመቶ ባነሱት ነው። እኛ አንዴ አይተን ነው የምናጨበጭበው!

ሲፈተን ደግሞ ኤጀንቱን «መዘገብክ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ አዎ ነው የሚላችሁ። ካላንደሩን ከፍታችሁ እዩ። የቱን መሣሪያ ጠራ? ምን ብሎ ላከለት? ጥር 23ን በ2016ም በ2017ም ስጡት፤ ጳጉሜን 6ን ስጡት፤ ያለ ጠዋትና ማታ «ሁለት ሰዓት» በሉት። እያንዳንዱን ስምንት ስምንት ጊዜ።

ይህን ያለፈ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ ያኔ ስለ ሞዴሉ አማርኛ ቁጭ ብለን እንጨቃጨቃለን።